የአንበሶች አባት፦ የጆርጅ አዳምሰን የሕይወት ታሪክ

ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በቡራዩ በኩል በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ሆለታ አቅራቢያ ሲደርስ እንስሳኮቴ የሚባል የዱር አራዊት መጠለያ ያገኛል። ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች እጅ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች፣ በሰው ግቢ ታስረው የኖሩ አንበሶች፣ ጦጣዎችና ጭላዳዎች በዚያ ሲጠለሉ ቆይተዋል። ከእነርሱም አንዱ ዶሎ የተባለ አንበሳ ነበር፤ ወደ መጠለያው ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ በመኖሩ የአንገቱ ጋማ ተፈግፍጎ አልቆ ነበር። መጠለያውን ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የተባለው መሠረቱ በእንግሊዝ አገር የሆነ ድርጅት ነው፤ ስሙም በነጻነት የተወለደ ማለት ነው። ስሙ ከየት እንደ መጣ ስንጠይቅ ወደ አንድ ሽማግሌ ሕይወት እንደርሳለን። በየቁምስናችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ውጭ አገር መሄድን የሚመኙ ወጣቶች ስላሉ፣ የእኚህን ሰው ታሪክ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ አዳምሰን የካቲት 3 ቀን 1906 በሕንድ አገር ኤታዋ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በእንግሊዝ አገር ከተማሩ በኋላ በ1924 አባታቸው የቡና እርሻ ወደ ያዙባት ወደ ኬንያ መጡ። እርሻው አልማረካቸውም። ወርቅ ፈለጉ፣ ፍየል ነገዱ፣ አዳኞችን እየመሩ በየጫካው ዞሩ፤ አንዱም ሥራ አልያዘላቸውም። በ1938 በኬንያ የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩና መቀመጫቸውን ኢሲዮሎ ላይ አድርገው እስከ አገራችን ወሰን የሚደርሰውን ሰፊና ደረቅ የሰሜን ግዛት መጠበቅ ጀመሩ። አብዛኛውን ጉዞ በእግርና በግመል ያደርጉ ነበር። በ1944 ጆይን አገቡ። ጆይ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው በትሮፓው የተወለዱ፣ አበቦችንና የኬንያን ሕዝቦች በመሣል የታወቁ ሴት ነበሩ። ትዳሩ ሰላም የሰፈነበት እንዳልነበረ ሁለቱንም የሚያውቁ ሁሉ መስክረዋል፤ በኋለኛው ዘመናቸውም ተለያይተው ኖረዋል።

የሕይወታቸው መንገድ የተለወጠው በ1956 በየካቲት ወር መጀመሪያ ነው። አንድ የቦረና ተወላጅ በሰው በላ አንበሳ ተገደለና ጆርጅ አውሬውን ፈልገው እንዲገድሉ ታዘዙ። በፍለጋው ላይ አንዲት እንስት አንበሳ በድንገት ተወርውራ መጣችባቸው፤ ተኩሰው ገደሏት። ወዲያው ግን ጡቷ ወተት እንደ ያዘ አዩ። ከቋጥኝ ሥር ሲፈልጉ ዓይናቸውን በቅጡ ያልገለጡ ሦስት ደቦሎች አገኙ። ለካ እናቲቱ የመጣችባቸው ልጆቿን ለማዳን ኖሯል። ጆርጅ ደቦሎቹን በመኪና ጭነው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። የሥራ ግዴታቸውን ፈጽመው ነበርና ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም ነበር። ቀጥሎ ያሉትን 33 ዓመታት ስንመለከት ግን፣ ያቺ ጥይት ከልባቸው ፈጽማ የወጣች አይመስለንም።

ሁለቱ ደቦሎች ሆላንድ አገር ወደሚገኘው የሮተርዳም መካነ አራዊት ተላኩ። ታናሿ፣ ኤልሳ የተባለችው፣ ከባልና ሚስቱ ጋር ቀረች። ባደገች ጊዜ እርሷንም ወደ መካነ አራዊት መላክ ቀላሉ መንገድ ነበር። እነርሱ ግን ከዚያ በፊት ተሳክቶ ያልታየ ነገር ሞከሩ፤ በሰው እጅ ያደገችውን አንበሳ አድና እንድትበላ አስተምረው በሜሩ ጫካ ለቀቋት። መጀመሪያ ላይ ማደን አቅቷት ተርባና ከስታ ተገኘች። እንደገና መግበው እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ራሷን ቻለች፤ የዱር አንበሳም አግኝታ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ልጆቿንም ይዛ ወደ አሳዳጊዎቿ መጣች። ጆይ ይህን በመጽሐፍ ጻፉ፤ በ1960 የታተመው ያ መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ ከሽያጩ የተገኘውም ገንዘብ ለዱር አራዊት ጥበቃ ዋለ። ኤልሳ ግን ዕድሜዋ አጭር ሆነ። በጥር ወር 1961 ከመዥገር በሚተላለፍ በሽታ ሞተች። እናታቸውን ያጡት ደቦሎች የገበሬዎችን ከብት መንጠቅ ስለ ጀመሩ ተይዘው ወደ ታንጋኒካ ተወሰዱ። ከብቱ የተበላበት ሰው ማጉረምረሙ አይፈረድበትም፤ ጆርጅም የሰዎቹን ቅሬታ አቅልለው የሚያዩ ሰው አልነበሩም። በዚያው ዓመት ከመንግሥት ሥራቸው በጡረታ ተሰናበቱ።

መጽሐፉ ወደ ፊልም በተለወጠ ጊዜ ጆርጅ አማካሪ ሆነው ተጠሩ። ቢል ትራቨርስና ቨርጂኒያ ማኬና የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት እርሳቸውንና ጆይን መስለው ተጫወቱ፤ አንበሶችንም መቅረብ ከጆርጅ ተማሩ። በ1966 ለዕይታ የበቃው ፊልም ሲጠናቀቅ አብዛኞቹ አንበሶች ለመካነ አራዊት ተሰጡ። ተዋናዮቹ በዚህ እጅግ አዘኑ። በ1984 ከልጃቸው ጋር ያቋቋሙትና በኋላ ቦርን ፍሪ ተብሎ የተጠራው ድርጅት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ለጆርጅ ሦስት አንበሶች ብቻ ተፈቀዱላቸው፤ እነርሱንም በሜሩ ለመልቀቅ ደከሙ።

በ1970 በጣና ወንዝ አጠገብ ወደምትገኘው ኮራ ወደምትባል እሾሃማ ምድረ በዳ ተሻገሩ። ወንድማቸው ቴረንስ መንገዱን ጠረገ፤ ጎጆዎቹን ሠራ፤ ዙሪያውን በሽቦ አጠረ። በዚያ ሰፈር በአጥር ውስጥ የሚኖሩት ሰዎቹ ነበሩ፤ አንበሶቹ ከውጭ እንደ ልባቸው ይመላለሱ ነበር። ጆርጅ በአነስተኛ ጡረታቸውና ወዳጆች በሚልኩላቸው ገንዘብ ግመል እየገዙ ይመግቧቸው፣ ማታ ማታም በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር። በለንደን ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር ተሽጦ የነበረው ክርስቲያን የተባለው አንበሳም በቢል ትራቨርስ አማካይነት ወደዚህ መጣ። በ1971 የቀድሞ አሳዳጊዎቹ ሊጎበኙት ሲመጡ ሮጦ አቅፎ ተቀበላቸው፤ ይህን የሚያሳየው ፊልም እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይታያል። አካባቢው ሰዎቹን ሕጻናት ሳይቀሩ ባባ ያ ሲምባ ማለትን ለመደ፤ በስዋሂሊ የአንበሶች አባት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ መሸፈን አይገባንም። ከፊልሙ አንበሶች አንዱ የነበረው ቦይ፣ ጆርጅ በብዙ ድካም ከስብራት ያዳኑት፣ በ1971 ከሰፈሩ አጥር ውጭ የነበረ አንድ ኬንያዊ ሠራተኛን ነከሰ። ጆርጅ ደርሰው ቦይን በገዛ እጃቸው ተኩሰው ገደሉት፤ ሠራተኛው ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ሰውን መፍራት ስለሚረሳ ይበልጥ አደገኛ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ፤ ከንቱ ወቀሳ ነበር ለማለት አንደፍርም። ጆርጅ ራሳቸው የዚያን ሰው ሞት ሸክም ተሸክመው ኖረዋል። ስለዚህም ሥራቸውን ስናደንቅ ያንን ሠራተኛ አብረን እናስታውሳለን።

ሟቹ በነበረበት ሥራ ላይ በዚያው ዓመት የገባው ቶኒ ፊትዝጆን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ነበር። ከአገር አገር ሲንከራተት የቆየ፣ ስለ አንበሳ የተማረው አንዳች የሌለ ሰው ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረውም። መኪና መጠገን፣ ውኃ ማመላለስ፣ ሥጋ መቁረጥ፣ በቀትር ፀሐይ የአንበሳ ዱካ መከተል ሥራው ሆነ። በ1975 አንድ አንበሳ ከኋላው መጥቶ አንገቱን ያዘው፤ ራሱ ያሳደገው ፍሬዲ የተባለው አንበሳ ከአጥቂው ጋር ታገለለት፤ ጆርጅም በዱላ ሮጠው ደረሱለት። ቁስሉ ሲድን ወደ አገሩ ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ ኮራ ተመለሰ፤ በጠቅላላው 18 ዓመት በዚያ አገለገለ፤ ከዚያም በታንዛኒያ በምኮማዚ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ በ2022 ዐረፈ። ሌሎችም ከየአገሩ ለወራት እየመጡ አግዘዋል፤ አንዳንዱ ሙቀቱንና ብቸኝነቱን መቋቋም ተስኖት ቶሎ ተመለሰ።

ጥር 3 ቀን 1980 ጆይ በሻባ ተገደሉ። አንበሳ ገደላቸው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ቀድሞ ይሠራላቸው የነበረ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ተፈረደበት። ጥቂት ቆይቶ ቴረንስ በአንበሳ ስለ ቆሰለ መንግሥት አዳዲስ አንበሶችን ማምጣት ለተወሰኑ ዓመታት ከለከለ። ቴረንስ በ1986 ሞተ። ሽማግሌው ዓይናቸው እየደከመ፣ ሽፍቶችና የዝሆን አዳኞች ወደ ኮራ እየቀረቡ ቢመጡም ከስፍራው ለመውጣት አልፈቀዱም።

ነሐሴ 20 ቀን 1989 እሑድ ነበር። አንዲት እንግዳ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ስትሄድ ሽፍቶች አገቷቸው። የተኩስ ድምፅ ሰፈሩ ድረስ ተሰማ። የ83 ዓመቱ ሽማግሌ ሽጉጣቸውን ይዘው ከሠራተኞቻቸው ጋር በአሮጌው መኪና ተነሡ፤ ሽፍቶቹን ባዩ ጊዜም መኪናውን ወደ እነርሱ በቀጥታ ነዱት። እንግዳዋ በሕይወት ተረፈች። ጆርጅና አብረዋቸው የሄዱ ሁለት ኬንያውያን ሠራተኞች ግን በዚያው ተገደሉ። ጆርጅ በኮራ በወንድማቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1990፣ የኬንያ መንግሥት ኮራን ብሔራዊ ፓርክ አደረጋት።