የፍራውንሆፈር ጥቋቁር መስመሮች

ዮሴፍ ፍራውንሆፈር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1787 ዓ.ም. በጀርመን አገር በባቫርያ፥ ስትራውቢንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መስተዋት ሠራተኛ ነበር። ልጁ ገና 11 ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ሞተውበት ስለ ነበር፥ በሙኒክ ከተማ ለአንድ መስተዋት ሠሪ ያለ ደመወዝ ሙያ እንዲማር ተሰጠ። ጌታውም መጽሐፍ እንዳያነብ ይከለክለው ነበር።

በ1801 የጌታው ቤት ተንዶ ተጫነው፤ ከሰዓታት በኋላም በሕይወቱ ቈፍረው አወጡት። የአገሩ ገዥ ማክሲሚሊያን አዝኖለት 18 የወርቅ ዱካት ሰጠው። ልጁም በዚህ ገንዘብ የመስተዋት መቍረጫ መኪና ገዛ፤ ከጌታውም ራሱን ነጻ አወጣ። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ታሪክ ያስቀድማሉ፤ እኛ ግን ከዚህ ይልቅ በ1814 የሠራውን እናደንቃለን።

በዚያን ጊዜ ቤኔዲክትቦየርን በተባለ የቀድሞ ገዳም ውስጥ ለቴሌስኮፕ የሚሆን መስተዋት ይሠራ ነበር። መስተዋቱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጐብጥ ለመለካት ሲል የፀሐይን ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ አሳልፎ በፕሪዝም በተነውና በመነጽር ተመለከተው። በቀለማቱ መካከል ጥቋቁር መስመሮች ተሰልፈው አየ። እኛ በክፍላችን በተራ ፕሪዝም ብንሞክር ቀለማቱን እንጂ መስመሮቹን አናይም፤ ስንጥቁ እጅግ መጥበብ ይኖርበታልና። እንግሊዛዊው ዎላስተን በ1802 ጥቂቶቹን አይቶ ነበር። ፍራውንሆፈር ግን 574 ቈጥሮ ቦታቸውን በሥዕል አሰፈረ፤ ዋና ዋናዎቹንም በፊደል ሰየማቸው፥ ለመስተዋት ልኩም የማይናወጥ ምልክት አደረጋቸው። ወደ ቬኑስ ቢመለከት፥ የፀሐይን ብርሃን መላሽ ናትና እነዚያኑ መስመሮች አገኘ፤ በሲርየስ ኮከብ ብርሃን ግን ሌሎች ነበሩ። የመስመሮቹን ምክንያት ሳያውቅ በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜውም 39 ዓመት ነበር።

ምክንያቱን በ1859 ኪርሆፍና ቡንዘን አስረዱ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ቀለም ከብርሃኑ ውጦ ስለሚያስቀር ነው።

በ1963 ደግሞ ኩዌዘር የሚባሉት እጅግ ሩቅና ብሩህ አካላት ምንነት ታወቀ። ብርሃናቸው በቢሊዮን የሚቈጠር ዓመት ሲጓዝ በመንገዱ ያሉ የሃይድሮጂን ደመናዎች ጥቂት ጥቂት ይውጡታል። ጠፈር እየሰፋ ስለሚሄድ የእያንዳንዱ ደመና መስመር እንደ ርቀቱ ወደ ቀዩ ወገን ይሸሻል፤ ስለዚህ በአንድ ኩዌዘር ብርሃን ላይ በመቶ የሚቈጠሩ መስመሮች ይደረደራሉ። ሃይድሮጂኑም የሚከማቸው ጨለማ ቁስ የተባለው፥ ብርሃንን የማይሰጥም የማይውጥም ነገር፥ በስበቱ በሚጐትተው ስፍራ ነው። ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ያህል የሚበልጠው ይህ የማይታይ ነገር እንዴት እንደ ተከማቸ ሊቃውንት ከነዚሁ መስመሮች ይመረምራሉ። የፀሐይ መስመሮች ግን እስከ ዛሬ በፍራውንሆፈር ስም ይጠራሉ፤ እርሱ የሰጣቸው ፊደላትም ገና አልተተዉም።