ሻምበል አበበ ቢቂላና የባልንጀራ ርዳታ

ሯጭ በውድድር መካከል የተቸገረ ባልንጀራውን መርዳት ይገባዋልን? ቢረዳውስ እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ ከስመ ጥሩው ሯጭ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት እንመልከተው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ካደገ በኋላ በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ወር ሳይሞላው በቶኪዮ ድሉን ደገመ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ ግን እግሩ ተጐድቶ ነበር። ሕመሙን ችሎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ፤ ከዚያ በላይ ግን አልተቻለውም። በዚያ ውድድር ያገሩ ልጅና የጦር ባልደረባው ማሞ ወልዴም ይሮጥ ነበር። ማሞ በኋላ እንደ ተረከው፥ አበበ ሩጫውን መጨረስ እንደማይችል ነግሮ ድሉን ለኢትዮጵያ የማምጣቱን አደራ ለእርሱ ሰጠው።

ማሞ አዝኖ ከጓደኛው ጋር ቢቆም ኖሮ ሁለቱም ድል ባጡ ነበር። ደግፎ ሊወስደውም አይችልም፤ ሕጉ ይከለክላልና። በ1900 ዓ.ም. በሎንዶን ኦሊምፒክ ኢጣልያዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ ደክሞ ሲወድቅ፥ የውድድሩ ሹማምንት አንሥተው እስከ መጨረሻው ስለ ደገፉት ድሉ ተሰርዞበታል። የረዱት በርኅራኄ ነበር፤ ነገር ግን የሮጠበትን ዋጋ አሳጡት።

ማሞ አደራውን ተቀብሎ ገሠገሠ፤ ተከታዩንም ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የአበበ ርዳታ ባልንጀራውን መልቀቅ ነበረ፤ የማሞም ታማኝነት ወደ ኋላ ሳይሉ መሮጥ ነበረ።

አበበ በዚያው በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ።

እኛም ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን ሜዳ ስንሮጥ ይህን እናስብ። የደከመውን ጓደኛ በቃል ማበረታታት፥ ፊት ፊት እየሮጡ ርምጃውን ማስተካከል መልካም ነው። እጁን ይዞ መጐተት ወይም ለእርሱ ሲሉ የሌላውን መንገድ መዝጋት ግን ርዳታ አይደለም፤ ጓደኛችንን ሊኰራበት የማይችለውን ድል ማሸከም ነው።