የምግብን ጉልበት የለካው ላቮዚዬ

የሰው ልጅ የሚመገበው ምግብ በሰውነቱ ውስጥ ወደ ሙቀትና ጉልበት የሚለወጥበትን መንገድ በልኬት ካሳዩ ሊቃውንት መካከል ፈረንሳዊው አንቷን ላቮዚዬ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ለዘመናዊው የሥርዓተ ምግብ ሳይንስ መሠረት የጣለው ይህ ሊቅ መተዳደሪያው ግብር መሰብሰብ ሲሆን፣ ሕይወቱን ያሳጣውም ይኸው ሥራው ነው።

ላቮዚዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 26 ቀን 1743 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። የአባቱን ሙያ ተከትሎ ሕግ ቢያጠናም ልቡ ያደላው ለተፈጥሮ ሳይንስ ስለነበር፣ በ1768 የንጉሣዊው የሳይንስ አካዳሚ አባል ለመሆን በቅቷል። በዚያው ዓመት ለንጉሡ መንግሥት ግብርና ቀረጥ በውል በሚሰበስበው ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ። በ1771 የአንዱን የማኅበሩን አባል ልጅ ማሪ አን ፖልዝን ያገባ ሲሆን፣ እርሷም የምርምሩ የቅርብ ረዳት ሆናለች።

በ1775 የመንግሥት የባሩድ ሥራ ኃላፊዎች አንዱ ሆኖ ከተሾመ በኋላ በፓሪሱ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የራሱን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ቀኑን በመንግሥት ሥራ፣ ጧትና ማታውን ደግሞ በምርምር ያሳልፍ ነበር።

በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ በነበረው ክረምት ከሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ጋር በመሆን ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። በ10 ሰዓት ውስጥ በገላዋ ሙቀት የቀለጠው በረዶ 400 ግራም ያህል ነበር። ይህንንም ከምትተነፍሰው አየርና ከሚነድ ከሰል ከሚወጣው ሙቀት ጋር በማነጻጸር፣ መተንፈስ ማለት ያለ ነበልባል በዝግታ መንደድ እንደሆነ አስረዳ።

በ1789 እና በ1790 ምርምሩ ወደ ሰው ተሸጋገረ። ረዳቱ አርማን ሴጋን ሳይበላ አርፎ ሲቀመጥ የሚወስደው ኦክስጅን ከተለካ በኋላ ይኸው መጠን በብርድ በአንድ አሥረኛ ያህል፣ ከምግብ በኋላ በግማሽ ያህል ሲጨምር፣ በባዶ ሆዱ ከባድ ሥራ ሲሠራ ግን ከእጥፍ በላይ እንደሚያድግ ታወቀ። በዚህም ሰውነት ያነደደውን በምግብ ካልተካ ዘይት እንዳለቀበት ኩራዝ እንደሚከስም ተረዳ።

ከዚህ ውጤት ላቮዚዬ አንድ ከባድ ማኅበራዊ ጥያቄ አነሳ። በጉልበቱ የሚያድረው ድኻ ሰውነቱን ከሁሉ ይበልጥ እያነደደ የሚበላው ከሁሉ ያነሰ ሲሆን፣ ሥራ የማይሠራው ባለጸጋ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ያገኛል። ይህን መዛባት የተፈጥሮ ጥፋት ሳይሆን የማኅበረሰቡ ሥርዓት ጉድለት አድርጎ በማየት፣ አዲሱ የአብዮት ሥርዓት የሠራተኛውን ደመወዝ ከፍ በማድረግ እንደሚያስተካክለው ተስፋ አድርጎ ነበር።

ይሁንና ላቮዚዬ ራሱ ሀብቱን ያገኘው የዚያው ድኻ ሕዝብ ቀረጥ ከሚሰበስበው ማኅበር ነበር። በኖቬምበር 1793 የማኅበሩ አባላት ሲታሰሩ አብሮ ታሰረ። ሕዝቡንና ግምጃ ቤቱን ዘርፈዋል፣ ትምባሆን በውኃ አርሰው ሸጠዋል በሚል ክስ ሜይ 8 ቀን 1794 ተፈርዶበት፣ ከሚስቱ አባትና ከሌሎች የማኅበሩ አባላት ጋር በዚያው ዕለት በጊሎቲን ተቀላ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ መንግሥት በግፍ የተፈረደበት መሆኑን አምኖ ንብረቱን ለባለቤቱ መልሷል።

የጀመረው ሥራ ግን አልተቋረጠም። በ1890ዎቹ በጀርመን ማክስ ሩብነር፣ በአሜሪካ ዊልበር አትዋተር ባደረጉት ምርምር ከምግብ የሚገኘው ጉልበት ሰውነት ከሚያወጣው ሙቀትና ሥራ ጋር የሚመጣጠን መሆኑ ተረጋገጠ። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በግራም 4፣ ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ እንደሚሰጡ የተሰላውም በዚሁ ዘመን ነው። ከሚያስፈልገው በላይ የተበላው በአብዛኛው በስብ መልክ ይከማቻል፤ ምግብ ሲያንስ ደግሞ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን ይጠቀማል።

ዛሬም የአንድ ሰው የዕለት ምግብ ፍላጎት ሲሰላ የሚሠራው ሥራ ክብደት የግድ ይታያል። የቀን ሠራተኛው ከሌላው የበለጠ መብላት እንደሚገባው ላቮዚዬ በልኬት ያሳየው ሐቅ፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላም አልተሻረም።