ባትሪን ሠርቶ ምስጢሩን ያልደረሰበት ሊቅ

አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ በ1745 በሰሜን ጣሊያን፣ በኮሞ ከተማ ተወለደ። ስሙን ያስጠራው በእንቁራሪት እግር ሰበብ የተነሳ ክርክር ነው። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲነኩት የሞተ እንቁራሪት እግር ሲንፈራገጥ አይቶ ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው አካል ይመነጫል አለ። ቮልታ ግን ምንጩ ብረቶቹ ናቸው ሲል ተቃወመ። በእርግጥ ጋልቫኒም ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ ነርቭና ጡንቻ የራሳቸው ኤሌክትሪክ አላቸው።

ቮልታ የብርና የዚንክ ክብ ዝርጎችን ደራርቦ በየጥንዱ መካከል በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ አኖረ። የክምሩ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ በሽቦ ሲገናኝ ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ ፍሰት ተገኘ። ይህንንም በ1800 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳወቀ። ጋልቫኒ በ1798 ሞቶ ነበርና አላየውም።

ቮልታ ኃይሉ ከብረቶቹ መነካካት ብቻ የሚመነጭ መስሎት ነበር። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዚንኩ ነው፦ ኤሌክትሮኖቹን እየለቀቀ በጨው ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ኤሌክትሮኖቹም በሽቦው ዞረው ወደ ብሩ ይደርሳሉ። በዚያ የሚወጣው የሃይድሮጅን አረፋ ብሩን ስለሚሸፍነው ክምሩ ቶሎ ይደክማል። እንግሊዛዊው ጆን ዳንኤል ዚንክንና መዳብን በየራሳቸው ፈሳሽ ለይቶ ይህን ጉድለት ያረመው በ1836 ነው፤ ቮልታ በኮሞ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።