የዝነኛው የባሌት ዳንሰኛ የቫስላቭ ኒዢንስኪ የሕይወት ታሪክ

በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የሞተውን ከመቅበር አልፈን ታሞ የተኛውን እንዴት እንርዳ የሚለው ጉዳይ ሳይነሣ የዋለበት ቀን የለም። ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥነውም የረጅም ሕመም ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባሌት ለማያውቀው፣ ታሪኩ በቃል ሳይሆን በሙዚቃና በሰውነት እንቅስቃሴ የሚነገርበት የመድረክ ጨዋታ ነው። ቫስላቭ ኒዢንስኪ በ1889 ኪየቭ ከተማ ውስጥ ከፖላንድ ተወላጆች ተወለደ። አባቱም እናቱም ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ዳንሰኞች ነበሩ። አባትየው ቤቱን ጥሎ ስለ ሄደ እናትየው ሦስቱን ልጆች ይዛ ፒተርስቡርግ ገባች። ታላቅ ወንድሙ በሕፃንነቱ ከመስኮት ወድቆ አእምሮው ስለ ተጎዳ ኋላ የአእምሮ ሕመምተኞች መኖሪያ ገባ። ሕመም እንግዲህ ከቤቱ የጀመረው ቀድሞ ነው።

በ1898 የንጉሠ ነገሥቱ የዳንስ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ጓደኞቹ ግን አልወደዱትም። አንድ ቀን ለቀልድ ብለው ሲዘል የሚያደናቅፈው ነገር ከፊቱ ከፍ አድርገው አኖሩበትና ወድቆ ለቀናት ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኛ። ድኖ ትምህርቱን በ1907 ጨረሰና ማሪንስኪ ቲያትር ተቀጠረ። በ1911 ግን መድረክ ላይ የለበሰው ልብስ ነውር ነው ተብሎ ተባረረ።

ይህን ጊዜ ዲያጊሌቭ የሚባል የቲያትር ሰው አግኝቶት፣ ከ1909 ጀምሮ ከቡድኑ ጋር ፓሪስ እየወሰደ ያሳየው ነበር። በዚያ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ባሌት የሴት ሥራ ሆኖ ነበር፤ ወንዱ ሴቲቱን ከማንሳት በቀር እምብዛም አይታይም። እንዲያውም በፓሪስ የወንዱን ክፍል የወንድ ልብስ የለበሱ ሴቶች የሚጫወቱበት ጊዜ ነበር። ኒዢንስኪ ይህን ገለበጠው። በ1911 የጽጌረዳ መንፈስ ሆኖ በተጫወተበት ባሌት መጨረሻ ላይ በመስኮት ዘሎ ሲወጣ፣ ሕዝቡ አየር ላይ የቀረ መሰለው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን የሚቀበሉት ሰዎች ቆመው ይጠብቁት ነበር ይባላል።

እሱ ራሱ የደረሰው ዳንስ ግን አስጨንቆታል። ግንቦት 29 ቀን 1913 በስትራቪንስኪ ሙዚቃ የተሠራው የጸደይ በዓል ፓሪስ ላይ ሲታይ፣ ተመልካቹ ግማሹ ሲያፏጭ ግማሹ ሲሳደብ ሙዚቃው አልሰማ አለ። ኒዢንስኪ ከመድረኩ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ለዳንሰኞቹ ቁጥሩን እየጮኸ ይቆጥርላቸው ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በዓለም የተከበረ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ያን ዕለት ግን ስድብ ነው ያተረፈው።

በዚያው ዓመት ቡድኑ በመርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። ዲያጊሌቭ ባሕር ስለሚፈራ ቀረ። ኒዢንስኪ ቦነስ አይረስ ሲደርስ ሮሞላ የምትባል የሃንጋሪ ልጅ አገባ። ከዲያጊሌቭ ጋር የነበረው ግንኙነት ከሥራ ያለፈ የፍቅር ግንኙነት ነበርና ሰውየው ተቆጥቶ በቴሌግራም አሰናበተው። ወዲያው የዓለም ጦርነት መጣ። ኒዢንስኪ የሩሲያ ዜጋ ስለሆነ ቡዳፔስት በአማቱ ቤት እንደ እስረኛ ተቀመጠ። በ1916 ወጥቶ አሜሪካ ተጫወተ፤ በ1917 ከቡድኑ ጋር መጫወቱ አበቃ።

ጥር 19 ቀን 1919 በስዊዘርላንድ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዶች ተጠርተው መጡ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲያያቸው ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ጦርነቱን አሳያችኋለሁ ብሎ ጨፈረ። በሕዝብ ፊት ሲጨፍር የታየበት የመጨረሻው ቀን ያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዙሪክ ያለ ሐኪም ስኪዞፍሬንያ ነው አለ። ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል መግባትና መውጣት ሆነ። ሮሞላን የሚያሟት አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ጥላው ትሄድ ነበር፣ ያኔ የጻፈውንም ማስታወሻ በ1936 ስታሳትም ብዙውን ቆርጣ አወጣች ይሏታል። እውነት ነው። ግን ሁለት ልጅና የማይድን በሽተኛ ይዛ፣ መጽሐፍ እየጻፈች፣ ከሐኪም ሐኪም ያዞረችውም እሷ ናት። በ1938 አዲስ የመጣውን የኢንሱሊን ሕክምና ያስጀመረችው እሷ ናት፤ ሁለተኛውንም ጦርነት ሃንጋሪ ውስጥ አብራው አሳለፈች። እኛ በበኩላችን በሽተኛ አስታሞ የማያውቅ ሰው በእሷ ላይ ባይፈርድ እንመርጣለን። ጦርነቱ ሲያልቅ የሩሲያ ወታደሮች መጥተው የልጅነት ቋንቋውን ሲሰማ፣ ዝም ያለው ሰው መናገር እንደ ጀመረና ከእነሱም ጋር እንደ ጨፈረ ተርካለች።

ኒዢንስኪ ሚያዝያ 8 ቀን 1950 ለንደን ላይ ዐርፎ እዚያው ተቀበረ። በ1953 ዳንሰኛው ሰርዥ ሊፋር ደክሞ፣ አፅሙ ፈልሶ ፓሪስ በሞንማርትር መቃብር ዐረፈ። ዛሬ መቃብሩ ላይ ተቀምጦ የሚታየው ሐውልት ፔትሩሽካ ነው፤ በ1911 የተጫወተው፣ ልብ ያለው አሻንጉሊት።