የደብረ ገነት ጎረቤት

 

ባለፈው ጊዜ ሞራችን ኢየሩሳሌም ወስዳ በኢትዮጵያ መንገድ አዞረችን። በአፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀውን ክቡን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከውጭ አየነው። መነኮሳቱ በር ላይ በአማርኛ ሲያወሩ ስሰማ አገር ቤት ያለሁ መሰለኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጎረቤታቸው ነው። በዚያው መንገድ ቁጥር 11 ቤት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር።

ቤን ይሁዳን ሁላችንም የምናውቀው ዕብራይስጥን ወደ ሰው አፍ የመለሰ ሰው ተብሎ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሰውየው የራሱን አነስተኛ ድርጅት የከፈተ ሰውም መሆኑ ነው። ድርጅቱ ጋዜጣ ነበር። ከመካከላችን እንጀራ ጋግሮ ለመሸጥ ወይም መኮሌት ለመክፈት የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። የመሥራቹ ጠባይ ሥራውን እንዴት እንደሚያቆምና እንዴት እንደሚጥል ከሱ ሕይወት ይታያል ብዬ ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤን ይሁዳ በ1858 ሉዝኪ በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። ቦታዋ ያኔ በሩሲያ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ናት። የቤተሰቡ ስም ፐርልማን ነበር። ለትምህርት ፓሪስ ሄዶ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በ1881 ከባለቤቱ ከዲቮራ ጋር ወደዚህ አገር መጣና ኢየሩሳሌም ተቀመጠ። እሱም እንደኛ ኦሌ ሐዳሽ ነበር ማለት ነው። አገሩ ያኔ በቱርክ ሥር ያለ ድሃ አገር ነበር። መጀመሪያ በሌላ ሰው ጋዜጣ ሠራ፣ አስተማሪም ሆነ። በ1884 የራሱን ጋዜጣ ጀመረ፤ ስሙንም ሃጽቪ አለው፣ ሚዳቋ ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። ገንዘብ የለው፣ ጤና የለው፣ የዕብራይስጥ ጋዜጣ የሚገዛውም ሰው ጥቂት። ታዲያ በምን ቆመ?

አንደኛ፣ የያዘውን አይለቅም። በቤቱ ከዕብራይስጥ ሌላ ቋንቋ አይነገርም ብሎ ወሰነ፤ በ1882 የተወለደው የመጀመሪያ ልጁም በዕብራይስጥ አፉን ፈታ። ሁለተኛ፣ ሥራ አይሰለቸውም፤ በቀን እስከ 18 ሰዓት ይሠራ ነበር ይባላል። ሦስተኛ፣ ሰው ምን እንደጎደለው ያያል። ሰዉ በዕብራይስጥ ይጸልያል እንጂ ለዕለት ኑሮው የሚበቃ ቃል አልነበረውም። እሱ ከጥንቱ ቋንቋ አዲስ ቃል እያወጣ በጋዜጣው ያስተምር ነበር። እኛ የምናጠናቸው ሚሎን (መዝገበ ቃላት)፣ ማጌቬት (ፎጣ)፣ ቡባ (አሻንጉሊት) የሱ ናቸው።

ያው ጠባይ ደግሞ ጎዳው። ሰውየው ቃል ማለዘብ አያውቅም ነበር። የኢየሩሳሌም አክራሪ ሃይማኖተኞች ቅዱሱ ቋንቋ ለገበያ ወሬ አይሆንም ባዮች ነበሩ። እሱም ለድሆች ከውጭ የሚመጣው ምጽዋት ስለሚከፋፈልበት መንገድ በጋዜጣው አጥብቆ ነቀፋቸው። እነሱም አወገዙት። ያወገዘህ ሰው እኮ ጋዜጣህን አይገዛም። በ1893 መጨረሻ ደግሞ አማቱ በጻፉት አንድ ጽሑፍ ምክንያት ጠላቶቹ አመፅ ቀሰቀሰ ብለው ለቱርክ ሹሞች ከሰሱት። ታሰረ፤ ጋዜጣውም ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ።

ቤቱም ብዙ ከፈለ። ዲቮራ በ1891 በዚያው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ብዙም ሳይቆይ ከአምስቱ ልጆቿ ሦስቱን በሽታ ወሰዳቸው። በኋላ እህቷ ሔምዳ አገባችው። ሔምዳ ዕብራይስጥ እዚህ መጥታ ነው የተማረችው፤ ከዚያ በጋዜጣው ጸሐፊ ሆነች። ለትልቁ መዝገበ ቃላት ገንዘብ ለማግኘት ሰው የምታናግርና የምታግባባም እሷ ነበረች።

ቤን ይሁዳ በታኅሣሥ 1922 ሞቶ በደብረ ዘይት ተራራ ተቀበረ። በዚያው ዓመት ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛና ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። መዝገበ ቃላቱን ሳይጨርስ ነው የሞተው። ሔምዳና ልጃቸው ኤሁድ ሥራውን ቀጠሉ፤ 17ቱ መጻሕፍት በ1959 አለቁ። ጋዜጣው ዛሬ የለም።

ይህን ስሰማ ራሴን አየሁ። እኔም አገር ቤት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። እንደሱ የያዝኩትን አልለቅም፣ ሥራም አልሰንፍም ነበር። ግን ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ፤ ባለቤቴ ተው ቀስ በል ስትለኝ እምቢ እላለሁ። ሱቋ ስትዘጋ ገበያው ነው የጣለኝ ብዬ ለሰው አወራሁ። አሁን ሳስበው የጣላት የኔ አፍ ነው። ግትርነት ሱቅ ያስከፍታል፤ ደንበኛን የሚያቆየው ግን ሰው የሚያግባባ ሰው ነው። ቤን ይሁዳ ሔምዳን ባያገኝ ኖሮ መዝገበ ቃላቱ የት በደረሰ?

አሁን ከባለቤቴ ጋር እንጀራ ልንጀምር እያሰብን ነው። እኔ ዱቄት እሸከማለሁ፣ ሒሳቡንና ደንበኛውን እሷ ትይዛለች ብለን ተስማምተናል። ኡልፓን ላይ በዕብራይስጥ ከኔ ትበልጣለችና አላፍርም።

በጽሑፌ ስህተት ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቸር ያሰንብተን።