ስሙ ተሸሽጎ የኖረው መሐንዲስ

ይህ መጽሔታችን በየዓመቱ ታትሞ በእጃችን ሲገባ፣ እኔ አስቀድሜ የምገልጠው የቀድሞ ተማሪዎች ዜና የሚጻፍበትን ገጽ ነው። እገሌ ሐኪም ሆነ፤ እገሊት በመሐንዲስነት ተመረቀች፤ እገሌ አይሮፕላን አብራሪ ሆነ ሲባል ባነበብሁ ቁጥር፣ አንድ ቀን የእኔም ስም በዚያ ገጽ ላይ ቢወጣ እያልሁ እመኛለሁ። ይህም ምኞት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ገጠመኝ። በሳይንስ ክበባችን ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራች፣ በውሃና በአየር ግፊት የምትነሣ ትንሽ ሮኬት አዘጋጅተን በወላጆች ቀን አሳየን። የእኔ ሥራ አየሩን በብስክሌት ፖምፓ መሙላት፣ ግፊቱን መጠበቅና የመልቀቂያውን ምልክት መስጠት ነበር። ሮኬቷ ስትነሣ ገመዱን ለሳበው ጓደኛዬ ተጨበጨበለት፤ የእኔን ስም ግን ማንም አልጠራውም። ይህ ነገር ለብዙ ቀን ከነከነኝ። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ከፊቴ አንብበውት ኖሮ፣ የአንድ ሰው ታሪክ ፈልጌ እንዳነብ አዘዙኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው የዚያን ሰው ታሪክ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰርጌይ ፓቭሎቪች ኮሮልዮቭ ጃንዋሪ 12 ቀን 1907 ዓ.ም. ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በምትገኘው በዥቶሚር ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህር ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባትና እናቱ ስለ ተለያዩ፣ ኒዥን በምትባል ከተማ በእናቱ ወላጆች ቤት አደገ። በኋላ እናቱ አንድ መሐንዲስ አግብታ ልጇን ይዛ ወደ ኦዴሳ ሄደች። ኦዴሳ የባሕር ወደብ ስለ ሆነች በውሃ ላይ የሚያርፉ አይሮፕላኖች ነበሩባት፤ ልጁም ከእነዚያ አጠገብ አይጠፋም ነበር። የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1924 ዓ.ም. ሲጨርስ የተማረው የግንብና የጣራ ሥራ ነበር። ነገር ግን ጣራ መክደን የተማረው ይህ ልጅ፣ በ17 ዓመቱ ሞተር የሌለው አይሮፕላን በወረቀት ላይ ነድፎ አቀረበ።

ከዚያም በኪዬቭ የቴክኒክ ተቋም ሁለት ዓመት ተምሮ፣ በ1926 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ተሻገረ። በዚያም የመመረቂያ ሥራውን የመራለት ዝነኛው የአይሮፕላን ሊቅ አንድሬይ ቱፖሌቭ ነበር። በ1931 ዓ.ም. ኮሮልዮቭ እንደ እርሱ ሮኬት የመሥራት ፍላጎት ካደረባቸው ሰዎች ጋር ማኅበር ገጥሞ፣ በሞስኮ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ኦገስት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. የሠሯት ሮኬት 400 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣች። እኛ በጠርሙሳችን እንደ ተደሰትን፣ እነርሱም በዚያ ቀን እንዴት እንደ ተደሰቱ መገመት አያዳግተኝም።

ደስታው ግን አልቆየም። በስታሊን ዘመን ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ይታሰርና ይገደል ነበር። ጁን 27 ቀን 1938 ዓ.ም. ኮሮልዮቭም ሥራ አበላሽተሃል በሚል የሐሰት ክስ ተይዞ፣ ዐሥር ዓመት ተፈርዶበት፣ በሩቅ ምሥራቅ ኮሊማ ወደሚባለው እጅግ ብርዳም ምድር ወርቅ ቆፋሪ ሆኖ ተላከ። በዚያ ከረኃቡና ከበሽታው የተነሣ ጥርሶቹ ረገፉ። ከሞት ያተረፈው ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይ ወደ ሞስኮ መመለሱ ነበር። በ1940 ዓ.ም. እስረኞች መሐንዲሶች አይሮፕላን ወደሚነድፉበት ቤት ተዛወረ፤ በዚያም ሥራውን የሚመራው የቀድሞ አስተማሪው ቱፖሌቭ ነበር፤ እርሱም እስረኛ ነበረና። መምህርና ተማሪ እንዲህ ባለ ስፍራ መገናኘታቸውን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ።

በ1944 ዓ.ም. ከተፈታ በኋላ፣ ላሰረው መንግሥት ዋና የሮኬት ንድፍ አውጪ ሆነ። መጀመሪያ የታዘዘው የጦር መሣሪያ እንዲሠራ ነበር፤ ያ ትልቅ ሮኬት የተሠራው ቦምብ ተሸክሞ ከአህጉር ወደ አህጉር እንዲሄድ ነው። ኮሮልዮቭ ግን በዚያው ሮኬት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ዓ.ም. 83.6 ኪሎግራም የምትመዝን የመጀመሪያዪቱን ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ ስፑትኒክን፣ ወደ ሰማይ አወጣ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዓ.ም. የሆነው ነው። ዩሪ ጋጋሪን በመንኰራኵሯ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ኮሮልዮቭ ከምድር በታች በተሠራ ምሽግ ሆኖ በሬዲዮ ያነጋግረው ነበር። ሰው ክብደቱ ሲጠፋ አእምሮው ይታወክ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም ነበርና፣ የመንኰራኵሯ መሪ በቁልፍ ተዘግቶ በረራው በራሱ መሣሪያ እንዲመራ ተደርጎ ነበር። መሪውን የሚከፍተው 125 የሚለው ቁጥር በፖስታ ታሽጎ በመንኰራኵሯ ውስጥ ተቀመጠ። በረራው 108 ደቂቃ ፈጅቶ በሰላም ተፈጸመ። ጋጋሪን በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ በየአደባባዩም ተጨበጨበለት። ጋዜጦች ስለ ኮሮልዮቭ ሲጽፉ ግን ዋናው ንድፍ አውጪ ከማለት በቀር ስሙን አይጠሩም ነበር። ራሱ በጋዜጣ ሲጽፍ እንኳ የሌላ ሰው ስም ይጠቀም ነበር።

በማርች 1965 ዓ.ም. አሌክሴይ ሊዮኖቭ ከመንኰራኵሩ ወጥቶ በጠፈር ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው በሆነ ጊዜም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ሲመለሱ ራሱን በራሱ የሚያሳርፈው መሣሪያ አልሠራ ስላለ፣ ከምድር ፈቃድ ተሰጥቷቸው መንኰራኵሩን በእጃቸው እየመሩ በበረዶ በተሸፈነ ጫካ ውስጥ ወረዱ። የወረዱት ሁለት ሰዎች ስማቸው ታወቀ፤ በምድር ሆኖ በጭንቅ የጠበቃቸው ግን አልታወቀም።

እኔም አንድ ነገር አሰብሁ። በኦዴሳ፣ በኪዬቭና በሞስኮ አብረውት የተማሩት ሰዎች የስፑትኒክንና የጋጋሪንን ዜና ሰምተዋል። ነገር ግን በትምህርት ቤቶቹ እንደ እኛ ያለ የቀድሞ ተማሪዎች ገጽ ቢኖር ኖሮ፣ የእርሱ ስም በዚያ አይወጣም ነበር። ያንን ገጽ ሞት ብቻ ከፈተው። ኮሮልዮቭ ጃንዋሪ 14 ቀን 1966 ዓ.ም. በ59 ዓመቱ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ አረፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ስሙና ፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጣ፤ አስከሬኑም በክብር ተቃጥሎ አመዱ በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። በሞስኮ አጠገብ ያለችው የሩሲያ የበረራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ የምትገኝባት ከተማም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ ኮሮልዮቭ ትባላለች። በጠፈር ያሉትን የሩሲያ ሰዎች የሚያነጋግሩትና የሚጠብቁት፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሠራተኞች ዛሬ በዚያች ከተማ ተቀምጠው ይሠራሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ስምን መሸሸግ መልካም ነው የሚል ትምህርት አልወሰድሁም። ያለ ጥፋቱ ያሰሩት፣ ስሙንም የደበቁት በድለውታል፤ ለእርሱ ይገባ የነበረውን ጭብጨባም ሳይሰማው ሞተ። እኔ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው ስሙ እስኪጠራ ድረስ አይጠብቅም፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሌላውን ድካም አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ይህን መጽሔት የምታዘጋጁ ታናናሾቼን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ስለ በረረው ስትጽፉ፣ በምድር ሆኖ ያስነሣውንም አትርሱ። እኔም ከመጻፌ በፊት ሮኬታችንን የለጠፈችውን፣ ጠርሙሱንም ከየሰፈሩ ለቅማ ያመጣችውን የክፍል ጓደኛዬን ሄጄ አመሰገንኋት፤ የእርሷም ስም በዚያ ቀን አልተጠራም ነበርና፣ እኔም ስለ ራሴ ስከነከን ረስቻት ነበር።